ሰዓቱን ከማስረዘማችሁ በፊት ዘይቱን ለኩ

ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ ይሄዳል። 16 ሰዓት ይጾማል፣ በቀሩት 8 ሰዓታት ይበላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። በመጀመሪያው ወር ሦስት አራት ኪሎ ይወርዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወርም ደህና ይሄዳል። ከዚያ ሚዛኑ አንድ ቁጥር ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ሰዓቱ ነው። 16 የነበረው 18፣ 18 የነበረው 20 ይሆናል፤ ጭራሽ በቀን አንዴ ብቻ ወደ መብላት የሚሄድም አለ። ሰዓት ማስረዘም ግን መጨረሻ ላይ የሚሞከር ነገር ነው። ከዚያ በፊት የሚታይ ብዙ አለ፤ አብዛኛውም ያለው ድስቱ ውስጥ ነው።

ሰዓት በራሱ ስብ አያቃጥልም። በቻይናዋ ጓንግዦ ከተማ የተሠራና በ2022 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ከመጠን በላይ ውፍረት ያለባቸው 139 ሰዎች ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ለሁሉም የተሰጠው የካሎሪ ገደብ አንድ ነበር፦ ለወንዶች በቀን ከ1500 እስከ 1800፣ ለሴቶች ከ1200 እስከ 1500። ግማሾቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ሲደረግ፣ ሌሎቹ በፈለጉት ሰዓት በሉ። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 8 ኪሎ፣ ሁለተኛዎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ ለውጥ ተብሎ የሚያዝ አልነበረም። ሥራውን የሠራው የካሎሪው ገደብ ነው።

ታዲያ ሰዓቱ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አለው። የመብያ ጊዜ ሲጠብ ቁርስ ይቀራል፣ የማታ መክሰስ ይቀራል፣ ሳይቆጥሩ መቀነስ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ችግሩ ያ የጠበበ ጊዜ ቀስ በቀስ መልሶ የሚሞላ መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾሜያለሁ ብሎ ማታ አንድ እንጀራ መጨመር፣ ለፍርፍሩ ዘይት ለቀቅ ማድረግ፣ ከእራት በኋላ ለውዝ መቆርጠም። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን የቀረውን ቁርስ ይተካል።

በእርግጥ ቆሟል ወይ?

ሚዛን ላይ የሚታየው ስብ ብቻ አይደለም፤ ውኃም፣ ጨውም፣ አንጀት ውስጥ ያለውም ይመዘናል። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር አለ፤ በአዋቂ ሰው ላይ ከ400 እስከ 500 ግራም ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ጾም ሲጀመር ይህ ክምችት ይጎድላል፣ ውኃውም አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት አስደሳች ቁጥር በአብዛኛው ይህ ነው። እሱን መነሻ አድርጎ በአራተኛው ወርም ያንኑ ፍጥነት የሚጠብቅ ሰው ያልቆመውን ቆመ ይላል።

የተገላቢጦሹም አለ። በፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ ወጥቶ 2 ኪሎ ጨምሬያለሁ ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። አንድ ኪሎ ስብ በግምት 7700 ካሎሪ ነው። በአንድ ቀን 2 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነት ከሚፈልገው በላይ 15,000 ካሎሪ መብላት ያስፈልጋል፤ ዶሮ ወጡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ይህን የሚችል ሆድ የለም። የታየው የጨው፣ የእንጀራና የዳቦው ውኃ ነው፤ ወደ ቀድሞው አመጋገብ ከተመለሳችሁ በአራት አምስት ቀን ይወርዳል።

ስለዚህ አመዛዘኑን እናስተካክል። ሚዛኑ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ ቁጥሩ ይዋሻል። ጠዋት ከመኝታ ተነስታችሁ፣ ሽንት ቤት ገብታችሁ፣ ውኃ ሳትጠጡ፣ በቀላል ልብስ በየቀኑ ተመዘኑ። የአንድ ቀን ቁጥር ላይ ግን አትፍረዱ። የሰባቱን ቀን ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉ፤ የምታወዳድሩት የዚህን ሳምንት አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ነው። ሴቶች የወር አበባ ሊመጣ ሲል ሰውነት 1 ወይም 2 ኪሎ ውኃ ሊይዝ ስለሚችል፣ ካለፈው ሳምንት ይልቅ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማወዳደር የበለጠ እውነቱን ይነግራችኋል። አዲስ ስፖርት የጀመረም ሰው ጡንቻው በሚጠገንበት ጊዜ ውኃ ስለሚይዝ ለሁለት ሦስት ሳምንት ሚዛኑ ሊሸፍንበት ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ያለውን ቦታ በጣት ፈልጉ፤ ሜትሩን እዚያ ላይ ሳታጠብቁ አዙሩ፤ ትንፋሽ እንደወትሮው አውጥታችሁ ሆድ ሳትስቡ አንብቡ። በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ይበቃል። የአራት ሳምንት አማካይ ክብደት ካልተለወጠና ወገብም ካልቀነሰ ኪሎው በእርግጥ ቆሟል። ክብደቱ እዚያው ሆኖ ወገብ 2 ሴንቲ ሜትር ከቀነሰ ግን አልቆመም፤ ምንም ሳትነኩ ቀጥሉ።

ሂሳቡ የት ላይ ይዘጋል

ዕድሜዋ 38፣ ቁመቷ 162 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 82 ኪሎ የሆነ፣ ቢሮ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። ሰውነቷ ተኝታ ብትውል እንኳ የሚያወጣውን ኃይል ለመገመት ሚፍሊን ሴንት ጄዮር የሚባለው ቀመር ይበቃናል፦ ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ10፣ ሲደመር ቁመት በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በ6.25፣ ሲቀነስ ዕድሜ ሲባዛ በ5። ከዚያ ለሴት 161 ይቀነሳል፣ ለወንድ 5 ይደመራል። ለእሷ 1480 አካባቢ ይወጣል። ብዙ ለማይንቀሳቀስ ሰው ይህ በ1.4 ይባዛል፤ በቀን 2070 ካሎሪ ገደማ ታወጣለች። በጾሙ ምክንያት የምትበላው 1650 ከሆነ በቀን የ420 ጉድለት አላት፤ በሳምንት ወደ 380 ግራም ስብ ማለት ነው።

አሁን 72 ኪሎ ደረሰች። ያው ቀመር 1380 ይሰጣል፣ በ1.4 ሲባዛ 1930። አበላሏን ምንም ሳትለውጥ ጉድለቷ ከ420 ወደ 280 ወርዷል። በዚህ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሳይታወቅ ወደ ድስቱ ቢገባ፣ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ስለሆነ 240 ይሄዳል። የቀረው 40 ነው። በሳምንት ተሰልቶ 40 ግራም ስብ ይሆናል፤ የቤት ሚዛን ደግሞ ከ100 ግራም በታች አያነብም። ጾሙ እየተጾመ፣ ሰዓቱ እየተከበረ ኪሎ የሚቆመው እንዲህ ነው።

ከቀመሩ ውጭ የሆኑ ሁለት ነገሮችም አሉ። ክብደት የቀነሰ ሰውነት ቀመሩ ከሚለው በታች ይቆጥባል፤ ሰውየውም ሳያውቀው እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ ቁጭ ማለት ያበዛል፣ አጭሩን መንገድ ታክሲ ይይዛል። ኬቨን ሆል በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሳለ ከባልደረባው ጋር ባቀረበው ስሌት መሠረት፣ ለወረደው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ወጪ በቀን ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ሲቀንስ፣ የምግብ ፍላጎት ግን ወደ 100 ካሎሪ ይጨምራል። ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ አስቡት። 10 ኪሎ የቀነሰ ሰው ከበፊቱ የበለጠ ቢርበው፣ እጁ እንጀራው ላይ ቢከብድ፣ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ «ጠንክር» የሚለው ምክር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የሚያስፈልገው መለኪያ ነው።

ዘይት

በየቀኑ ስንት ዘይት እንደምትበሉ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ጀሪካኑ ላይ ቀን መጻፍ ነው። ባለ 5 ሊትር ዘይት ስትከፍቱ ቀኑን በማርከር ጻፉበት፤ ሲያልቅ ቁጠሩ። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በግራም 9 ካሎሪ ስለሆነ በድምሩ ወደ 41,400 ካሎሪ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት በ25 ቀን ከጨረሰው ለ100 የሰው ቀን ተካፈለ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 414 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። እዚያች ሴት ሂሳብ ላይ መልሳችሁ አስቀምጡት፤ ጠቅላላ ጉድለቷን ያክላል። ንጥር ቅቤም በካሎሪ ከዘይት ብዙም አይለይም፤ «ተፈጥሯዊ ነው» መባሉ ሂሳቡን አይቀይረውም።

ዘይት መቀነስ የሚያቅተው ብዙ ጊዜ ቁሌቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ እሱን ቀረብ ብለን እንየው። ለስድስት ሰው የሚሆን ምስር ወጥ ይሁን። አምስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፋል፤ ተለቅ ካለ ሳይሟሟ ይቀርና ዘይት ይለምናል። ድስቱ ቂጡ ወፍራም ይሁን። ሽንኩርቱ ያለ ምንም ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳል፤ መጀመሪያ የራሱን ውኃ ያወጣል፣ ውኃው መጠጥ ሲል ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ብዙ እጅ ወደ ዘይቱ የሚሄደው እዚህ ጋ ነው። በዘይት ፋንታ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጋችሁ አማስሉ፣ ሲመጥ እንደገና። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ሽንኩርቱ ቅርጹን አጥቶ ቡናማ ሲል ብቻ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይገባል፤ ሳይበስል ከገባ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል። በርበሬው በትንሽ ዘይት ላይ ደረቁን ከተበተነ ያርርና ይመርራል፤ አስቀድማችሁ በሙቅ ውኃ ለውሱትና ጨምሩት፣ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ የተቀቀለው ምስር።

ሦስቱ ማንኪያ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 60 ካሎሪ ነው። ያው ወጥ 75 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ሲኒ ሁለት ሲኒ ዘይት ከተደረገበት ለአንድ ሰው ከ200 ያልፋል። ጣዕሙ የሚመጣው ከሽንኩርቱ መብሰል እንጂ ላዩ ላይ ከሚንሳፈፈው ዘይት አይደለም። ለሽሮም፣ ለድንች ወጥም፣ ለአልጫም ያው መንገድ ይሠራል። ፍርፍር ግን ሁለት ጊዜ ዘይት ይበላል፤ ወጡ አንዴ ዘይት ገብቶበታል፣ ሲፈረፈር ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ኪሎ ቆሞባችሁ ከሆነ ለአንድ ወር ፍርፍርን በሳምንት አንዴ አድርጉት።

እንጀራ፣ መሶብና ድርቆሽ

ጤፍ ስለሆነ አያወፍርም የሚባለው ትክክል አይደለም። 100 ግራም እንጀራ በግምት 140 ወይም 150 ካሎሪ ነው፤ ነጭም ይሁን ሰርገኛ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ከግማሹ በላይ ውኃ ስለሆነ በግራም ሲታይ ከዳቦ ይቀላል፤ 100 ግራም ዳቦ ከ250 እስከ 270 ይደርሳል። ነገር ግን የአንድ እንጀራ ክብደት ከቤት ቤት፣ ከምጣድ ምጣድ በጣም ይለያያል። የምትበሉትን አንዴ መዝኑት። 350 ግራም ከሆነ አንዱ ብቻ ወደ 500 ካሎሪ ነው። በአንድ ማዕድ ከ150 እስከ 200 ግራም፣ ማለትም ከዚያ እንጀራ ግማሽ ገደማ፣ ለሚቀንስ ሰው በቂ ነው።

ድርቆሽ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በተለይ ከአገር ውጭ ያለ ወገን። ውኃው ስለወጣለት 100 ግራም ድርቆሽ ከ100 ግራም እንጀራ ከእጥፍ በላይ ካሎሪ አለው። ሲርስ ያብጣል፣ ትንሽ ይመስላል። ደረቁን መዝናችሁ ከ60 ወይም 70 ግራም አትለፉ።

ትልቁ እንቅፋት ግን አብሮ መብላቱ ነው። ከአንድ ትሪ ስትበሉ ስንት እንደበላችሁ ማንም አያውቅም፣ እናንተም ጭምር። ጉርሻው ይመጣል፣ ከጎን ያለው እንጀራ ይጨመራል። ለሦስት ሳምንት ብቻ የራሳችሁን ሳህን ያዙ፤ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጣችሁ ማለት ነው እንጂ ተለይታችሁ አይደለም። የሳህኑ ግማሽ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ ይሁን፤ ሩቡ ምስር፣ ሥጋ ወይም ዕንቁላል፤ ሩቡ እንጀራ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓይናችሁ መጠኑን ስለሚለምድ ወደ ትሪው መመለስ ይቻላል። እናት ወይም አክስት «ምን ሆነህ ነው ማትበላው» ካሉ፣ «አልበላም» ከማለት «እማዬ፣ ጎመኑን ጨምሪልኝ» ማለት ይቀላል፤ መጨመር የፈለገ እጅ የሚጨምረው ያገኛል።

ጾሙን ሳያውቁ መፍታት

ያለ ስኳር ቡናና ሻይ፣ ውኃ፣ ጨው ጠብ ያለበት ቡና፣ እነዚህ ችግር የለባቸውም። ስኳር ከገባ ግን ጾም አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባባቸው ወደ 100 ካሎሪ ነው፤ ከጎኑ አንድ እፍኝ ቆሎ ሲጨመር፣ 40 ግራም ከሆነ ሌላ 150። ለውዝ ከሆነ በዚያው ክብደት 230 ይደርሳል። ባለ ስኳር አንድ ማኪያቶ እንደ ወተቱ ከ70 እስከ 100 ነው። ቡናውን ማስቀረት አያስፈልግም፤ የቡና ሰዓቱን ወደ መብያው ጊዜ ማምጣትና ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ መቀነስ ነው የሚሻለው። ቢራም ይቆጠራል፤ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ140 እስከ 150 ካሎሪ ነው፣ ብቻውንም አይመጣም፣ ጥብሱን ይጠራል።

ፕሮቲን ሲጎድል

በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ116 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት የተደረገ ጥናት ነበር። ተሳታፊዎቹ ካሎሪ እንዲቆጥሩ አልተነገራቸውም፤ ግማሾቹ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ በሉ፣ ሌሎቹ ሦስት ጊዜ በሉ። ጿሚዎቹ በአማካይ 0.9 ኪሎ፣ ሌሎቹ 0.7 ኪሎ ቀነሱ። ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላው ነው፦ የሰውነታቸው ይዘት በመሣሪያ ከታየላቸው ጿሚዎች ከወረደው ክብደት አብዛኛው ስብ አልነበረም። ማዕድ ሲቀነስ ፕሮቲን አብሮ ይቀነሳል፤ ጡንቻም ይሄዳል፤ ጡንቻ ሲሄድ የሰውነት ወጪ ይበልጥ ይወርዳል፣ ረሃቡም ይጨምራል።

ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያዙ። ለ72 ኪሎ ሰው ወደ 86 ግራም ነው። በሁለት ማዕድ እንዴት ይደረሳል? ሁለት ዕንቁላል 12 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ፈረሰኛ 30፣ 200 ግራም የተቀቀለ ምስር 18፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 40 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 8፣ ከእንጀራው 6 ወይም 7። ለመሙላት የቀረው ትንሽ ነው። በጾም ቀን ዕንቁላልና ዶሮ ስለሌሉ ጥራጥሬውን ማብዛት ግድ ነው፦ የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ፣ ስንዴው ቀንሶ፤ ወፈር ያለ ሽሮ፤ የተቀቀለ አኩሪ አተር፣ በ100 ግራም 17 ግራም ገደማ አለው።

ሁዳዴ ላይ ሆኖ ለምን አይቀነስም

ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ምእመን እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፣ ሥጋና ወተት አይቀምስም፣ ፋሲካ ሲደርስ ግን ሚዛኑ እዚያው ነው፤ አንዳንዴም ይጨምራል። ጾሙ ለኪሎ የተሠራ አይደለም፣ እንዲያ ሊታይም አይገባም። ግን ስለ ሰውነቱ ለሚያስብ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅቤና ሥጋው ሲወጣ በቦታው ዘይት ይገባል። በ9 ሰዓት በጣም የተራበ ሰው የሚያገኘው ዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ ሃላዋ፣ የለውዝ ሻይና የጾም ኬክ ነው። ፕሮቲኑ ስለሚያንስ ጥጋቡ አይቆይም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይበላል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 16 ለ8 ብሎ ሌላ ሰዓት መጨመር አያስፈልገውም። ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አምስት ሰዓት ናት። በ9 ሰዓት ዋናውን ማዕድ ይብላ፤ ቀድሞ ሾርባ ወይም ጎመን፣ ከዚያ ምስርና እንጀራ። በምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አነስ ያለ፣ ንፍሮ ወይም ሽሮ። በመሃል መቆርጠም ከቀረ ብቻ ብዙ ነገር ይስተካከላል። በረመዳንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ያለው ሌሊት ረጅም ነው፣ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳም እያንዳንዱ ይቆጠራል።

እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍና ዕረፍት

ስለ ስፖርት አላረዝምም። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ለ72 ኪሎ ሰው ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ነው፤ ሳይታወቅ የቀነሰውን እንቅስቃሴ ይተካል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያሠራ ነገር፦ እጅ ሳያስደግፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 12 ጊዜ፣ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ላይ ፑሽ አፕ 10 ጊዜ፣ ውኃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ደረት መሳብ 12 ጊዜ፤ ይህን ሦስት ዙር። ሲቀል ጀሪካኑን ባለ 10 አድርጉት።

እንቅልፍ ችላ የሚባል ነገር ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትንሽ ጥናት፣ 10 ሰዎች አንድ ዓይነት የተቀነሰ ካሎሪ እየበሉ አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር ሌሊት እንዲተኙ ተደረገ። የወረደው ኪሎ ተቀራራቢ ነበር፤ አጭር ሲተኙ ግን ከወረደው የስቡ ድርሻ ከግማሽ በታች ሆነ። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ይዞ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው ጾሙን ከማስረዘሙ በፊት ይህን ያስተካክል።

ለብዙ ወራት ያለማቋረጥ ለቀነሰና ለደከመው ደግሞ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ጥሩ ነው። ይህ እንደልብ መብላት አይደለም፤ ሰውነት የሚያወጣውን ያህል መብላት ነው፣ ለዚያች ሴት 1900 ገደማ። የሚጨመረው ከእንጀራ፣ ከድንችና ከፍራፍሬ ይሁን እንጂ ከዘይት አይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 1 ኪሎ ያህል ይጨምራል፣ ግላይኮጅንና ውኃ ነው፣ አትደንግጡ። በአውስትራሊያ በወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ሁለት ሳምንት ቀንሶ ሁለት ሳምንት ማረፍ የበለጠ ኪሎ እንደሚያስወርድ አሳይቶ ነበር፤ በኋላ የመጡት ጥናቶች ያን ያህል ስላላገኙ እንደ ተአምር አትያዙት። ዋና ጥቅሙ መልሶ ለመቀጠል አቅም መስጠቱ ነው።

ሰዓቱን መንካት የሚገባው ይህ ሁሉ ተለክቶ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜም ከ16 ወደ 17 ወይም 18፣ ከእራት በኩል እየቀነሳችሁ፤ የምሽቱ 2 ሰዓት እራት 12 ሰዓት ተኩል ይሁን። ወደ 20 ሰዓት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ማታ ሳይቆጣጠረው ይበላል፣ ፕሮቲኑንም በአንድ ማዕድ መሙላት ያቅተዋል። ለሴት ከ1200 ካሎሪ በታች ያለ ሐኪም ክትትል አይወረድም። በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ መቀነስ የሐሞት ጠጠር ሊያስከትል፣ ፀጉርም ሊያረግፍ ይችላል።

ለመጾም የማይሞክሩ ሰዎች አሉ፦ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የአመጋገብ መታወክ ያለባቸው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ ሐኪሙ መጠኑን ሳያስተካክልለት ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆድ ቡና አይጠጣ፤ ከባሰበት ሰዓቱን ወደ 12 ይቀንስ። ሁሉንም አስተካክሎ ለሦስት ወር ምንም ያልተንቀሳቀሰለት፣ በተለይ ብርድ ብርድ የሚለው፣ ሆዱ የሚደርቅ፣ የሚደክመው ከሆነ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ፣ ቲኤስኤች የሚባለውን፣ ይጠይቅ። የሚወስዱት መድኃኒትም ይታይ፤ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ኢንሱሊን ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራስ አለማቋረጥ፤ በሌላ ይቀየር እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

አካሄዱ አንድ በአንድ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳትለውጡ ለኩ፦ ክብደት፣ ወገብ፣ ዘይት፣ እንጀራ፣ ስኳር። ሁለተኛው ሳምንት ዘይቱን ብቻ አስተካክሉና ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ካልበቃ እንጀራውን፣ ከዚያ ፕሮቲኑን። ሁሉንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም፣ ሁሉንም መያዝም ይከብደዋል። የሳምንቱ አማካይ ከ200 እስከ 300 ግራም መውረድ ሲጀምር ሌላ ነገር አትንኩ፤ ቀጣዩን 5 ኪሎ ስትጨርሱ ቀመሩን በአዲሱ ክብደት እንደገና አስሉት፣ አዲስ ጀሪካን ሲከፈትም ቀኑን ጻፉበት።